ከሳፋው አልወጣ ያለ እባብ

ሀኪማ ከእናቷ ለቅሶ ስትመለስ እባቧን ሳፋ ውስጥ እንደ ልብስ ተዘፍዝፎ አገኘችው።

እባብ ሲባል የሚሰቀጥጠው ሰው ይኖራል። አቃቂ ገበያ ዳር ግን የሀኪማን የእህል ሱቅ የሚያውቅ ሁሉ እባቧንም ያውቃል። ስሙን «ዘበኛው» ብሎ ያወጣለት ባሏ ሙሀመድሰዒድ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ከደቡብ መንገድ ሲመለስ አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን ጣት የሚያህል ቡናማ እባብ ይዞ መጣና፣ «አይጥ ጆንያዬን ጨረሰው ብለሽ ስታለቅሺ አልነበር? ይኸው ዘበኛ ቀጠርኩልሽ። ደሞዝ አይጠይቅ፣ ሱስ የለበት» አላት። መርዝ የሌለው ዓይነት ነው፤ ቢያድግም ከሁለት ክንድ አያልፍም። ሀኪማ ሁለት ቀን ሙሉ መጋዘኑን አልረገጠችም። ውሎ አድሮ ግን ከጆንያው ሥር የአይጥ ኩስ ስታጣ ጊዜ ሐሳቧን ለወጠች። ከዚያ ወዲያ ስለ እባቡ ክፉ የተናገረ ሰው ከእሷ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ባሏ ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ቀረ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «አሁንስ አውጥተሽ ጣይው» ሲላት እንቢ አለች። ሀኪማ እንቢ ካለች እንቢ ናት። የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያንንም ያቋረጠችው ከመምህሩ ጋር ተከራክራ ነው ይባላል።

የዘበኛው ቤት ሽቦ የተመታበት ትልቅ የጣውላ ሳጥን ነው። ወለሉ ላይ ጆንያ ተነጥፏል፣ በጥጉ የውሃ ሳፋ ተቀምጧል። ሲመሽ መጋዘኑ ውስጥ ትለቀዋለች፣ ሲነጋ ራሱ ይመለሳል። ጠባዩን እንደ ልጅ ጠባይ ታውቀዋለች። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ ወተት የነካው መስሎ ይደበዝዛል፤ ያኔ አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ እንደ ካልሲ አውልቆት ይወጣል። የአሁኑ እንደዚያ አልነበረም። ዓይኑ ጥርት ብሏል። አፍንጫውን ብቻ ከውሃው በላይ አድርጎ ተጠቅልሏል። አውጥታ ጆንያው ላይ ብታስተኛው ፊቷን ሳታዞር ተመልሶ ገባ። አይጥ ብታቀርብለት አላየውም።

ሙቀት ይሆናል ብላ ሳጥኑን ከቆርቆሮው ሥር አራቀችው። ወሩ ኅዳር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሙቀት ከየት ይመጣል? ውሃው ሸቶት ይሆናል ብላ ጠዋትና ማታ ቀየረችለት። በደፋችው ቁጥር ሳፋው ሥር ጥቁር ጥቁር ፍሬ ታያለች፤ ጥቁር ጤፍ ነው። እህል መጋዘን ውስጥ ጤፍ የማይገባበት የለም፤ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ሻይ ውስጥ ይገባል። ደፍታ፣ አለቅልቃ፣ ትሞላለታለች።

ነገሩን ያስረዳቻት ጎረቤቷ ሰኪና ናት። ሰኪና የወሎ ሰው ናት፤ ከሀኪማ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ሱቅ አላት፣ ሰልባጅ ትሸጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነዋል። ሀኪማ እናቷን ልታስታምም ወደ ስልጤ ስትወርድ ቁልፉን የሰጠችው ለእሷ ነው። ወጥመድ የያዘውን አይጥ ትጥልለታለሽ፣ ውሃ ትሞዪለታለሽ፣ ሌላ ጣጣ የለውም፣ አደራ ብላ ነበር የሄደችው። ሁለት ሳምንት ያስታመመቻቸው እናት ሞቱና ለቅሶው ተጨመረበት፤ አንድ ወር ከሳምንት ቆይታ ነው የመጣችው።

ሰኪና ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆና ሳፋውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ናፍቆት ነው» አለች። «ናፍቆትም ኩርፊያም ነው። ሰው የለመደ እንስሳ እንዲህ ነው። አንቺ ከሄድሽ ከሳምንቱ ጀምሮ ምግብ አልነካም ብሎኝ ነበር። ሐዘን ላይ ነሽ፣ አትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ይህ ቃል ሀኪማ ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እናቷ እጇን ይዘው ሲሞቱ አላለቀሰችም፤ ለቅሶ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ስለነበረች ጊዜም አላገኘችም። አሁን ሳፋው አጠገብ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫውን ብቻ ያወጣውን እያየች፣ ያ ሁሉ እንባ መጣ። አንዱን ላስታምም ሌላውን ጣልኩ አለች። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሲቀንስ እየገባች አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ስለ በቆሎ ዋጋም፣ ስለ እናቷም ታወራዋለች። እሱ ከውሃው አልወጣም።

ወንድሟ የደወለው በዚህ መሐል ነው። ሀይረዲን ታላቅ ወንድሟ ነው፣ እንደ አባትም ነው። የእናታቸው የአርባ ቀን ሰደቃ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሦስት ቀን ቀድማ እንድትመጣ አሳሰባት። የሚያሳስብበት ምክንያት ነበረው። እናቲቱ ሳይሞቱ በፊት፣ ልጆቻቸው ሁሉ ባሉበት፣ በአርባዬ ቀን አተካኖውን ሀኪማ ትሥራው ብለዋል። አተካኖ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራ የስልጤ የክብር ምግብ ነው። እጇ ላይ ይጣፍጣል ማለታቸው ብቻ አልነበረም። ታላቋ ሴት ልጅ እሷ ናት፤ ማዕዱን ይዛ ወጥታ ለሰው ስታቀርብ፣ ልጅ አለችኝ ማለታቸው ነው።

ሀኪማ ወንድሟን እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እባቡን አየችው። አንድ ወር ሄጄ እንዲህ ከሆነ፣ አሁን ደግሞ ሳምንት ብሄድ ምን ይሆናል?

ለሰኪና ነገረቻት። ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ ጠየቀቻት። ሀኪማ ሰው የማትጠይቅ ሴት ናት፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰኪናን ምክር የጠየቀቻት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ሰኪና የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። «ባለፈው ስትሄጂ ነው እንዲህ የሆነው። አሁን ደግሞ ብትሄጂበት... እኔ እንጃ።»

ሀኪማ ቀረች። ለእባብ ብዬ ቀረሁ ብላ ለወንድሟ እንዴት ትንገረው? ታይፎይድ ይዞኛል፣ ሐኪም ከአልጋ አትውረጂ ብሎኛል አለችው። ሀይረዲን ደነገጠ፣ ዱዓ አደረገላት። አርባው ሐሙስ ዕለት ዋለ። ሀኪማ ያን ቀን ሱቋን ዘግታ መጋዘኗ ውስጥ ዋለች። በስምንት ሰዓት ገደማ፣ ማዕዱ የሚቀርብበት ሰዓት ነው ብላ፣ ተነስታ ቆመች። የምታቀርበው ነገር ስላልነበረ ተመልሳ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛውን ስታወጣው ሆዱ ላይ ያለው ቅርፊት ተነስቶ ከሥሩ ቀልቶ አየች። ይህን ሁሉ ከፍላ ቀርታለት ደግሞ ሊሞትባት ነው። ወደ ከብት ሐኪም ልውሰደው ስትል ሰኪና ከለከለቻት። የላም ሐኪም ስለ እባብ ምን ያውቃል፣ ሰው ይስቅብሻል እንጂ አለቻት። ሀኪማ ግን የዱቄት ከረጢት ውስጥ ከተተችው፣ ከረጢቱን ዘንቢል ውስጥ አስቀመጠች፣ ፊት ለፊት ያገኘችውን ባጃጅ ተሳፍራ ሄደች።

ሐኪሙ ዘካሪያስ የሚባል ነው፤ በአካባቢው ያሉትን የወተት ላሞች የሚያክመው እሱ ነው። ከረጢቱን ሲከፍት ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ እኮ የላም ሐኪም ነኝ፣ እናቴ።»

«ላምም ደም አላት፣ እሱም ደም አለው። እይልኝ» አለችው።

ጭንቅላቱን እሷ ያዘችለት። ዘካሪያስ ነጭ ጥጥ አርሶ ከአገጩ ሥርና ከዓይኑ ዙሪያ ጠረገ። ጥጡ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ቀረ። ይኼ ምንድነው ብሎ ሲጠይቃት፣ የመጋዘን ጤፍ ነው፣ ሳፋውም ውስጥ በየቀኑ አለ አለችው። ዘካሪያስ ጥጡን ወደ ዓይኗ አስጠጋው።

«ጤፍ ይሄዳል እንዴ፣ እናቴ?»

ይሄዳል። አንዱ በጥጡ ጠርዝ ዞሮ ወደ አውራ ጣቱ ሲወጣ አየችው። ሃያ ዓመት እህል የሸጠች ሴት፣ ጤፍና ቅማል መለየት አቅቷት ከሁለት ሳምንት በላይ ስትደፋና ስትሞላ ከርማለች።

ዘካሪያስ ስልኩን አውጥቶ አንብቦ፣ ለትምህርት ቤት ጓደኛው ፎቶ ልኮ፣ መልሱን ጠብቆ ነገራት። ይህ ተባይ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ደሙን ይመጥጣል፤ እረፍት ይነሳዋል። እባቡ እጅ የለው በምን ይከክ? ውሃ ውስጥ ገብቶ ያሰምጣቸዋል፤ ሳፋው ሥር ያየችው የሰመጡትን ነው። ያልሰመጡት አፍንጫውና ዓይኑ አካባቢ ተሰብስበው ይጠብቁታል፣ ሲወጣ እንደገና ይወርዱበታል። ለዚህ ነው የማይወጣው።

«ናፍቆት አይደለም?» አለች ሀኪማ።

«ምን?»

«ናፍቆት አይደለም ወይ ነው የምልህ።»

«እባብ ይናፍቅ እንደሆነ አላውቅም፣ እናቴ። ይኼ ግን ተባይ ነው። ደግሞ የእባብ ተባይ ነው። ከአይጥ አይመጣም፣ ከጆንያም አይበቅልም። ወይ የእርስዎ እባብ ሌላ እባብ ዘንድ ሄዷል፣ ወይ ሌላ እባብ እሱ ዘንድ መጥቷል።»

ስድስት ዓመት ከመጋዘን ወጥቶ አያውቅም አለችው። ዘካሪያስ ትከሻውን ሰበቀ። ጨርቅ መድኃኒት ውስጥ ነክሮ ጠረገላት። ሳጥኑንና ጆንያውን እንድታቃጥል፣ በጆንያ ፋንታ ጋዜጣ አንጥፋ በየቀኑ እንድትቀይር፣ በሳምንቱ እንድትመልሰው ነገራት።

ስትወጣ ደጃፉ ላይ የቆመው ባጃጅ የከውሲ ነበር። ከውሲ ስድስት ልጆች ያሉት፣ አፉ የማያርፍ የሰፈሩ ሹፌር ነው። ዘንቢሉን አየና ሳቀ።

«ዘበኛው ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» አላት። «እትዬ ሀኪማ፣ አንቱ በሌሉበት እኮ ሊገድለኝ ነበር። እትዬ ሰኪና ዶሮ ነው ብለውኝ ቂሊንጦ ማዶ ስወስዳቸው፣ ድልድዩ ላይ ዘንቢሉ ተነስቶ አይሄድ መሰልዎት? ባጃጁን ይዤ ወንዝ ልገባ ነበር።»

ተሳፍራ ቂሊንጦ ማዶ የት ብላ ጠየቀችው። ከውሲ የምታውቅ መስሎት ነበር፤ ፊቷን በመስታወቱ ሲያይ ገባውና ድምፁን ቀነሰ። እዚያ እባብ የምታኖር ሴትዮ ቤት፣ ሰው መካንነት የሚያስፈታበት አለ። እትዬ ሰኪናና ልጃቸው ኢሽራቅ ነበሩ። ከውሲ ባጃጁን ወደ ገበያ አዞረ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ሀኪማ ይህን ተረት ለሰው ስትተርት ኖራለች፤ ለራሷ ሲሆን ግን ተረቱ አልመጣላትም። የመጣላት ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ እጇን መቆሟ ነው።

ሰኪና ሰልባጇን ደጃፍ ላይ ዘርግታ ስትለይ አገኘቻት። ዘንቢሉን እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ይኼ ዶሮ የት ሄዶ ነበር?» አለቻት።

የሰኪና እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ። ለመካድ አፏን ከፈተች፤ ከውሲ ባጃጁን አቁሞ ወደ መሬት ሲያይ አየችና ዘጋችው። ከዚያ ሁሉም ወጣ። ኢሽራቅ ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ላይ አማቷ በየሳምንቱ እየመጣች ባዶውን ክፍል ከፍታ ትዘጋለች፤ አሁን ደግሞ ለልጇ ሌላ ሴት ማፈላለግ ጀምራለች። የቂሊንጦዋ ሴትዮ ከሰው ጋር የለመደ እባብ ይዛችሁ ኑ፣ ከኔው እባብ ጋር ልጅቷ ጭን ላይ አብረው ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ይተኙ አለች። አድርገውታል። ሌላ ነገር አልነበረም፤ መልሳ አምጥታ ሳጥኑ ውስጥ አስገብታዋለች።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንቺን?» ሰኪና ቀና አለች። «ባለፈው ረመዳን የጎረቤታችንን የሰቦቃን ሚስት ምን እንዳደረግሻት ረሳሽው? ጠንቋይ ቤት ሄደች ብለሽ ሰፈሩን ሁሉ ስታስቂባት አመሸሽ። እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ። እየሳቅኩ ግን ልጄን ነበር የማስበው። እኔ ነኝ ደግሞ አንቺን የምጠይቅ?»

ሀኪማ እውነት መሆኑን ታውቃለች። ብትጠይቂኝ እኔው ይዤው እሄድልሽ ነበር አለቻት። እያለችውም ልቧ አልተቀበለውም። ግን ይህ አልነበረም ያንገበገባት።

«እሺ ወሰድሽው። ልጅሽ ናት፣ ጨነቀሽ። ስመለስ ናፍቆት ነው ያልሽኝስ? ለእናቴ አርባ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬሽ ሸሚዝ ስታጥፊ የነበረውስ?»

«ፈራሁ» አለች ሰኪና። «ሄደሽ በኔ እጅ ቢሞት፣ ምን ነካው ብለሽ ታስመረምሪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። እዚህ ካለሽ ግን ቢሞትም በአንቺ እጅ ነው።»

ሀኪማ ይህን ስትሰማ ዘንቢሏን አነሳች። ሰኪና ከኋላዋ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ስትል ሰማች፤ አልዞረችም። ሳጥኑን ጓሮ አውጥታ ከነጆንያው አቃጠለችው። በማግስቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለ እርቅ ሊያናግሯት መጡ። ለእባቡ አውፍ ብያታለሁ አለቻቸው። የእናቴን ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ፣ የበደሉን ባለቤት፣ እናቴን ትጠይቅ። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ማክሰኞ ዕለት ሀይረዲን ሳይደውል መጣ። የታመመች እህቱን ሊጠይቅ ከስልጤ ተነስቶ፣ ከሰደቃው የተረፈ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከዘራውን እያስቀደመ ሱቁ ውስጥ ገባ። ሀኪማ አንድ ኩንታል ስንዴ ስታስመዝን ነበር። እጇን ሳመ፣ ግንባሯን ዳሰሰ። አቅም አግኝተሻል አላት። በርጩማ አቀረበችለት። የምትለው ጠፋት።

ሰኪና የዚያን ጊዜ ገባች። የታይፎይዱን ውሸት እንደሰማች ሁሉ ድምፁንም በግድግዳው ሰምታ ኖሯል፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወተት በጠርሙስ ይዛ፣ ልክ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እንኳን መጡ፣ ጋሼ ሀይረዲን» አለች። «ዛሬ እኮ ቀና ብላ ነው የሚያዩዋት። ባለፈው ሳምንት ቢያዩዋት አፈር መስላ ነበር። ሾርባውን በማንኪያ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። የእናቴ አርባ፣ የእናቴ አርባ እያለች ስትቃዥ ነበር ያነጋችው።»

በደንብ ነው የተናገረችው። ሀይረዲን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላህ ይስጥልኝ፣ ጎረቤት ማለት አንቺ ነሽ አላት። ሰኪና ሀኪማን አየቻት። ያለባትን የምትከፍል መስሏት ነው፤ ሀኪማ ዝም ካለች ወንድሟ ሻይ ጠጥቶ፣ መርቋት፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሀኪማ ግን ድምፁን አወቀችው። ናፍቆት ነው ያላት ድምፅ ነው፤ ያው አዛኝ፣ ያው ለስላሳ። አሁን ዝም ካለች ከእንግዲህ ከዚያ ድምፅ ጋር ልትኖር ነው።

«አልታመምኩም፣ ጋሼ» አለች።

ሰኪና ወተቱን እንደያዘች ቀረች።

«ታይፎይድም አልያዘኝ፣ ከአልጋም አልዋልኩ። እባቡ ታሞብኝ ነው የቀረሁት። ብሄድ የሚሞት መስሎኝ ነበር። ዋሽቼሃለሁ።»

ሀይረዲን ሚዛኑን አየ። ማን እንዳታለላት፣ ምን እንደተባለች ሊጠይቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችው። ሰኪና ጎኗ ቆማ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች። ሀኪማ አልጠራችውም፤ ለሰኪና አዝና አይደለም። ሂጂ ቢሏትም ቅሪ ቢሏትም፣ የቀረው የራሷ እግር ነው።

«አተካኖውን ማን ሠራው?» አለች ሀኪማ።

«ሚስቴ ሠራችው። ቅቤው በዛ» አለ ሀይረዲን። «ሰው ሁሉ በላ። ማንም ምንም አላለም። ሀኪማስ ብለው ሲጠይቁኝ ታማብን ነው አልኩ። ሠላሳ ጊዜ ነው ያልኩት።»

ከዘራውን ይዞ ተነሳ። እስከ አስፋልቱ ሸኘችው፤ አልከለከላትም። ታክሲው ውስጥ ገብቶ መስኮት ዳር ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ነበር። ታክሲው እስኪሞላ ድረስ ቆመች።

ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ማንም የለም። ዘበኛው አዲሱ ሳጥኑ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል፤ ሳፋው ውስጥ አልገባም፣ ውሃው ንጹሕ ነው። ሀኪማ ድፎውን ፈትታ ቆረሰችው። የሰደቃ ዳቦ ብቻውን አይበላም፣ ለጎረቤት ይዳረሳል። ለልብስ ሰፊው ሰጠች፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰጠች፣ ከውሲ ሲያልፍ አስቁማ ለስድስት ልጆቹ ሰጠችው። የመጨረሻውን ይዛ ሰኪና ደጃፍ ቆመች።

ሰኪና ከሰልባጁ መሐል ተነሳች። ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ፊቷ ላይ ተስፋ መጣባት።

«የእናቴ ነው» አለቻት ሀኪማ። «ከኔ እንዳይመስልሽ።»